ነገ በዘጠኝ ሰዓት የሚነበብ የሕይወት ታሪክ፤ ሟቿ የፖለቲካ ሰው ከነበሩ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ቀን ቀን ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የሠርግ ካርድ ስጽፍ እውላለሁ። የሕይወት ታሪክ የሚመጣው ግን ማታ ነው። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በሬን ልዘጋ ስል፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ፌስታል ይዞ ደጄ ላይ ይቆማል። «እህቴ፣ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ቀብር ነው፤ የሕይወት ታሪክ ጻፊልን» ይላል። ፌስታሉ ውስጥ መታወቂያ፣ አንድ ጉርድ ፎቶ፣ አንዳንዴም የዛገ ሜዳሊያ አለ። በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ ስንቱን እንደጻፍኩ ቆጥሬ አላውቅም። የነጋዴው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ የመምህሩ መልኩ የታወቀ ነው፦ ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ተማሩ፣ ትዳር መሠረቱ፣ አገለገሉ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አረፉ። የምቸገረው ሟቿ በአገር ፖለቲካ ውስጥ ያለፉ ሴት ሲሆኑ ነው። የእሳቸውን ሕይወት በዚያ ማሰሮ ስትቀዱት ግማሹ ይፈሳል።

እኔ ጋ መምጣት የማትችሉ፣ ራሳችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትጽፉ አላችሁና የማውቀውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግን የራሴን ጥፋት።

ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ የአንዲት ወይዘሮን ታሪክ ጻፍኩ። በደርግ ጊዜ ከዚህ ከምሥራቅ ተመርጠው የብሔራዊ ሸንጎ፣ የያኔው ፓርላማ፣ አባል የነበሩ ናቸው። መረጃውን የሰጠኝ የባላቸው ወንድም ነው፤ እኔም ሰዓቱ መሽቶ ስለነበር ያለውን ሁሉ እንዳለ ከተብኩት። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሜ ስሰማ ባልየው በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሠሩ፣ የት የት እንደተዛወሩ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ጡረታ እንደወጡ ተነበበ። የሴትዮዋ ሸንጎ በአንድ መስመር አለፈ፤ «በተለያዩ የሕዝብ ኃላፊነቶችም አገልግለዋል»። ንባቡ እንዳበቃ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ አንዲት አሮጊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ኧረ የምንቀብረው ማንን ነው? እሱ ከሞተ ስንት ዓመቱ!» አሉ። ሰው ሳቁን ዋጠ። እኔ ዛፍ ጀርባ ገባሁ።

አሮጊቷ የሟቿ እህት ናቸው። በሰልስቱ ማግስት ሱቄ መጡ፤ አልተቆጡኝም። ከጉያቸው ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «ለአርባዋ ደግመሽ ጻፊ» አሉኝ። ስለዚያ ደብተር እመለስበታለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከአንድ ሰው ብቻ መረጃ ተቀብዬ አልጻፍኩም። እናንተም አትጻፉ። ልጆቿ ይዋሻሉ ማለቴ አይደለም፤ ልጅ እናቱን የሚያውቃት በእናትነቷ ነው። «ደግ ነበረች፣ እንግዳ ትወዳለች፣ ጾም አታፈርስም» ይሏችኋል። ይጻፍ፣ ግን ለመጨረሻው አንቀጽ ይቆይ። ለፖለቲካው አብራት የሠራችውን፣ እህቷን፣ ደብዳቤዋን ስትተይብላት የነበረችውን፣ ሹፌሯን ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ቤቷ የኖረችውን ሠራተኛ። በሌሊት ማን በር እንዳንኳኳ፣ ማን እያለቀሰ እንደገባና እየሳቀ እንደወጣ የምታውቀው እሷ ናት። ሟቿ የሐረር ሰው ከሆኑ የአፎሻቸውን፣ ማለትም የመረዳጃ ማኅበራቸውን፣ ሴቶች ፈልጉ። ጀጎል ውስጥ የሴቶች አፎሻ የሚያስታውሰውን የትኛውም መዝገብ ቤት አያስታውሰውም።

ጥያቄውም «እንዴት ያለች ሰው ነበረች?» አይሁን። ለዚህ መልሱ ምንጊዜም «ደግ» ነው። ይልቅ፣ ስብሰባ ስትሄድ ልጆቹን ለማን ትታ ነበር? አዲስ አበባ ስትወርድ የት ታድር ነበር? በምን ትሄድ ነበር? ከስብሰባ ተናዳ የተመለሰችበትን ቀን የሚያስታውስ አለ? በምርጫ ከተወዳደረች የምርጫ ምልክቷ ምን ነበር? ምልክቷን ሁሌም ልጆቹ ያስታውሳሉ፤ በየግድግዳው ሲለጥፉ የዋሉት እነሱ ናቸዋ። ከምልክቱ ተነስተው ሌላውን ያወጡታል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ገልብጡትና የአባልነት ደብተር፣ የምርጫ ምስክር ወረቀት፣ የስብሰባ ባጅ፣ የድሮ ደብዳቤ ለዩ። ማኅተሙን ተመልከቱ። ማኅተም ላይ ያለው የመሥሪያ ቤት ስም ከሰው ትዝታ ይልቅ ይታመናል፤ ምክንያቱም እኛ አገር ሰው ባለበት ቁጭ ብሎ የቦታው ስም ይቀየራል። ድሬዳዋ በጃንሆይ ጊዜ በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ከአብዮቱ በኋላ ጠቅላይ ግዛት የሚለው ቀርቶ ክፍለ ሀገር ተባለ፤ በ1980 ዓ.ም. ድሬ ራስ ገዝ ሆነች፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 416 ቻርተር ያላት የከተማ አስተዳደር። «በ1975 ዓ.ም. በድሬዳዋ አስተዳደር ምክር ቤት ተመረጡ» ብሎ የጻፈ ሰው አጋጥሞኛል። በ1975 ዓ.ም. እንዲህ የሚባል ምክር ቤት አልነበረም። ስሙን በዘመኑ ስም ጥሩት፤ ወጣቱ እንዲገባው ደግሞ አንድ ቃል ጨምሩ።

ምኅፃረ ቃልም እንዲሁ ነው። አኢሴማ ብላችሁ ብትተዉት ከሠላሳ ዓመት በታች ያለ ሰው የመድኃኒት ስም ይመስለዋል። የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ብላችሁ ዘርዝሩት፤ በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። ኢሠፓን የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ብላችሁ ጻፉ፤ መስከረም 1977 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው በ1975 ዓ.ም. የኢሠፓ አባል ሊሆን አይችልም፤ ቤተሰቡ ግን ይላል። በዚያ ዓመት የነበረው ኢሠፓአኮ ነው፣ ፓርቲውን እንዲያደራጅ የተቋቋመው ኮሚሽን።

የሐረር ሰዎች ደግሞ የራሳችሁ ወጥመድ አላችሁ። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት ሁለት ጉባኤ አለው፤ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ 22፣ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ 14 መቀመጫ፣ በድምሩ 36። የመጀመሪያው ስም አዲስ አበባ ካለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጋር ይመሳሰላል። ቤተሰቡ «የተወካዮች አባል ነበረች» ሲላችሁ የክልሉን ነው የፌዴራሉን ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፣ ሌላው አገር አቋርጦ ሄዶ ከ547 መቀመጫዎች አንዷ ላይ መቀመጥ ነው።

ቀን መቁጠሪያው ላይ ጊዜ ስጡ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ልጆቹ ውጭ አገር ካሉ መረጃውን ከኢንተርኔት አውጥተው በፈረንጆች አቆጣጠር ይልኩላችኋል፤ እናንተም ስምንት ቀንሳችሁ ትገላገላላችሁ። አይሆንም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ የሚቀነሰው ሰባት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ምሳሌ ልስጣችሁ፦ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን፣ ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ቀን ነው፤ ሁለቱም 1987 ዓ.ም. ናቸው። በፈረንጆቹ ግን አንዱ 1994 ሌላው 1995 ነው። የመጀመሪያው የሴቶች መራጭነትና ተመራጭነትም እንዲሁ ሰውን ያሳስታል። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ወጣ፤ ምርጫው በፈረንጆች 1957 ነው ሲባል ሰው 1949 ብሎ ይጽፋል። የተካሄደው ግን ከመስከረም መጀመሪያ ጀምሮ ስለሆነ 1950 ዓ.ም. ነው። ወሩን ካላወቃችሁ ዓመቱን አትቀይሩ፤ ደውላችሁ ወሩን ጠይቁ።

በዚያ ምርጫ ፓርላማ የገቡት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። እሳቸውን የማነሳው ለመለማመጃ ነው፤ እኔ ጋ ሥራ ለምትለምደው ልጅ የምሰጣት የመጀመሪያ ፈተና እሳቸው ናቸው። «ስለ ስንዱ ገብሩ አራት መስመር ጻፊ» እላታለሁ። ሁልጊዜ የምታመጣልኝ «በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ናቸው» የሚል ነው። ከዚያስ? ዝም። እኔ ደግሞ እላታለሁ፦ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ተማሩ፤ ጣሊያን ሲወር ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ነበሩ፤ ተይዘው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ ይህን ሁሉ ይዘው ነው ምክር ቤቱ ውስጥ የተቀመጡት፤ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆኑ። «የመጀመሪያዋ» ስለ ወንበሩ ነው የሚናገረው፤ ስለ ተቀማጯ የሚናገረው የቀረው ነው። አራቱ መስመር ለዚያ ይበቃል፣ ሞክሩት።

«የመጀመሪያዋ» የሚለውን ቃል ስትጽፉ እጃችሁ ይንቀጥቀጥ። ሁሉም ቤተሰብ ይህን ቃል ይወዳል። ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ይህ ልክ ነው። «የመጀመሪያዋ ሴት ርእሰ ብሔር» ካላችሁ ግን ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱን ረስታችኋል። ዘውዲቱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ነው የተሰየሙት። ልጅ ኢያሱ ያን ዕለት የት ነበሩ? እዚሁ ሐረር። ይህን ስነግራቸው የሐረር ደንበኞቼ ደስ ይላቸዋል፣ ምን እንደሚያስደስታቸው ግን አይገባኝም። ለማንኛውም በአንድ ሌሊት የማታረጋግጡትን «የመጀመሪያዋ» ወደ «ከመጀመሪያዎቹ አንዷ» ዝቅ አድርጉት። ቤተሰቡ ያኮርፋል፤ ቀብር ላይ ሌላ ሰው ተነስቶ «የእኔ አክስት ትቀድማለች» ከሚል ይሻላል።

ሳህለወርቅን ካነሳሁ አይቀር፣ ከፕሬዚዳንትነታቸው በፊት በሴኔጋል፣ በጅቡቲና በፈረንሳይ አምባሳደር፣ ከዚያም በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ ለዓመታት ኃላፊ ነበሩ። ለእኛ ለድሬዎች የጅቡቲ አምባሳደርነት ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ይቀርበናል፤ ጅቡቲ ዘመድ የሌለው ድሬ ውስጥ ማን አለ? የእኛ ሰው ፊት የሚነበብ ከሆነ እዚያ ላይ አንድ መስመር እጨምራለሁ። ማን እንደሚሰማችሁ አስባችሁ ጻፉ ለማለት ነው።

«ተመረጡ» የሚለውም ብቻውን አይበቃም፤ እንዴት? በ1950 ዓ.ም. ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው በራሱ ስም ነው የቀረበው። በሰኔ 1979 ዓ.ም. ለሸንጎው 835 ሰው ሲመረጥ ፓርቲው አንድ ብቻ ነበር፤ ዕጩ የሚያቀርቡትም እሱና ሕዝባዊ ድርጅቶቹ፣ ከእነሱም አኢሴማ። አሁን ደግሞ በፓርቲ ወይም በግል መቅረብ ይቻላል። የሦስቱ ዘመን «ተመረጡ» አንድ አይደለም። ማን ስሟን እንደጠራ፣ በየትኛው አዳራሽ፣ ከማን ጋር እንደተወዳደረች ጠይቁ። ቁጥርም ያግዛል፤ በ2002 ዓ.ም. ምርጫ 152፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 212 ሴቶች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ገብተዋል። ከ212 አንዷ መሆንና በጃንሆይ ዘመን ወንዶች መካከል መቀመጥ ለየቅል ነውና ከስንት አንዷ እንደነበረች ይታወቅ። በቅርቡ ዘመን ምክር ቤት የነበረች ከሆነች በየትኛው ቋሚ ኮሚቴ እንደሠራች ጻፉ፤ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው እጅ ማውጣቱ ነው፣ ሥራው ያለው ግን ኮሚቴው ውስጥ ነው።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። እህትየው እንደነገሩኝ ሟቿ ለስብሰባ አዲስ አበባ የሚሄዱት በባቡር ነበር። እዚህ ድሬ ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ላይ፣ ሲሳፈሩና ሲወርዱ ሰው ይጠብቃቸዋል፤ አቤቱታውን በቃሉ ይነግራቸዋል፣ ወረቀት ያቀብላቸዋል። እሳቸው ያን ሁሉ ደብተሩ ላይ ይመዘግባሉ። ገጹን በማስመሪያ ለሦስት ከፍለውታል። በግራ የሰውየው ስም፣ በመሃል ጉዳዩ፣ በቀኝ አንድ ወይ ሁለት ቃል፤ «ተነገረ»፣ «ተፈጸመ»፣ «መልስ የለም»። ቁጭ ብዬ አሥራ አንዱንም ገጽ አነበብኩ። የልጅ ከወታደር ማሰልጠኛ መመለስ። የአንዲት መበለት የቀበሌ ቤት። ኬላ ላይ የተወረሰ የአንዲት ሴት ሁለት ቦንዳ ልብስ፤ እዚህ ጋ «ተነገረ» ብለው ጽፈው፣ ሰርዘውት፣ «ተዉት ተባልኩ» ብለዋል። ለመንደር የሚሆን ቦኖ፤ «ተፈጸመ»፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። «መልስ የለም» የሚለው ቀለሙ እየፈዘዘ እየፈዘዘ ይሄዳል፤ እስክሪብቶ ያለቀባቸው ይመስላል።

እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ ቅጽሎቻችሁን ሁሉ ጣሉ። «ለሕዝብ ታማኝ፣ ታታሪ፣ ቆራጥ» የሚለውን ሙሉ አንቀጽ አጠፋሁና ከደብተሩ ሦስት መስመር እንዳለ ገለበጥኩ። የሰዎቹን ስም አውጥቻለሁ፤ የሌላ ሰው ችግር በአደባባይ አይነበብም። አንደኛው ቦኖው ነው፣ ሁለተኛው የተወረሰው ቦንዳ። ሦስተኛው ከተማችንን ስለሚያቋርጠው ስለ ደቻቱ ወንዝ ነው፤ እንዲህ ይል ነበር፦ «የደቻቱ ዳር ቤቶች። ጎርፍ። ግንብ ይሠራልን ይላሉ። ተነገረ። መልስ የለም።»

ለአርባው ሲነበብ ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። በቦኖው ሰው ሳቀ፣ በቦንዳው አጨበጨበ፤ የቀበሌ ሹም የነበሩ ሽማግሌ ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ደቻቱ ሲነበብ ግን ጸጥ አለ። የ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሲመጣ ያልነበረ ድሬ ውስጥ የለም፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ነው የወሰደው። አንባቢው ልጅ ብልህ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ነው ወደሚቀጥለው የገባው። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ምንም አስተያየት አልጻፍኩም ነበር፤ እንኳን አልጻፍኩ።

ደብተር የላትም? የአብዛኞቹ የላቸውም። እንግዲያው አንድ ነገር ፈልጉ፤ አንድ መንገድ፣ አንድ ጭቅጭቅ፣ የታገለችለት አንድ አንቀጽ፣ የተሸነፈችበት አንድ ድምፅ። ሽንፈትም ይጻፋል። አሥር ኃላፊነት ዘርዝሮ ከመጻፍ አንዱን ከሥሩ መጻፍ ይሻላል፤ አሥሩን ለማንበብ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቆሞ አይጠብቃችሁም።

አስቸጋሪው የፓርቲና የእስር ነገር ነው። ቤተሰቡ «ኢሠፓ የሚለውን አውጪልን» ይላል፤ ሌላው «ተቃዋሚ የሚለውን አታንሺ፣ ልጆቹ ሥራ አላቸው» ይላል። የሚፈሩትን አውቃለሁ፤ አልቀልድባቸውም። የእኔ ደንብ ግን ይህ ነው፦ የነበረችበትን አልደብቅም፣ ጥብቅና አልቆምላትም፣ አልከስሳትም። ቀኑንና ስሙን ብቻ አስቀምጣለሁ። የደብተሯ ወይዘሮ ከግንቦት 1983 ዓ.ም. በኋላ ስምንት ወር ታስረው ተፈተዋል። «በዘመኑ ሁኔታ ለእንግልት ተዳርገው» የሚል ነበር የባላቸው ወንድም የሰጠኝ። እኔ «ስምንት ወር ታስረው፣ ሳይከሰሱ ተፈቱ፤ ከዚያ ቀፊራ ገበያ በርበሬ ሸጡ» ብዬ ጻፍኩ። እህትየው ያቺን በርበሬ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የታወቀ ምሳሌ ብትፈልጉ የብርቱካን ሚደቅሳን ተመልከቱ። ዳኛ ነበሩ፤ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰሩ፣ በይቅርታ ወጡ፤ አንድነት ፓርቲን መሩ፤ ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. እንደገና ታሰሩ፤ መስከረም 2003 ዓ.ም. ተፈቱ፤ ኅዳር 2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ቀኖቹን እንዲህ ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ምንም ቅጽል ሳይጨመር ሰሚው ራሱ «እህ» ይላል። በተመሳሳይ ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከሃያ ሚኒስትሮች አሥሩ ሴቶች ሲሆኑ፣ መከላከያን ደግሞ አይሻ መሐመድ ሲይዙ፣ «ታሪካዊ» ብላችሁ አትድከሙ፤ ከሃያ አሥር የሚለው በቂ ነው።

ስለ ትዳር። ባል ይጠቀሳል፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ እንደማንኛውም ወንድ ታሪክ ውስጥ ሚስት እንደምትጠቀሰው። ከአንድ በላይ ከሆኑ ልጆቹን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ እዚህ ጋ ጀግና አትሁኑ። ባልየው ደግሞ የምር ደግፏት ከሆነ፣ ማለትም ስብሰባ ስትሄድ ልጅ አዝሎ የሚያስተኛው እሱ ከነበረ፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይገባዋል። አንድ እንደዚህ ያለ ብቻ ነው ያጋጠመኝ።

አጠራሩ ላይ ብዙ አትጨነቁ። በጃንሆይ ዘመን ወይዘሮ፣ በደርግ ጓድ፣ በኋላ ክብርት ወይም የተከበሩ፤ አንድ ሴት ሦስቱንም ተጠርታ ይሆናል። እኔ ከላይ እስከ ታች ወይዘሮ ብዬ በአንቱታ እሄዳለሁ፤ ጓድ የሚለውን ሰው ሲጠራት በጥቅስ ውስጥ አስገባዋለሁ። በአንድ ገጽ ላይ አንዴ «ነበረች» አንዴ «ነበሩ» የሚል ግን አይምጣ። ሰፈር ውስጥ የምትጠራበት ስም ካለም ይግባ፤ ከዚህ ማዕረግ ሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያስለቅሰው እሱ ነው።

ጊዜ ካላችሁ፣ ማለትም ሴትዮዋ በሕይወት ካሉ፣ ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። አዲስ አበባ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ የአዲስ ዘመንን የድሮ ቅጾች ማየት ትችላላችሁ፤ ሹመትና አዋጅ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አለ። ከዚያ በፊት ግን ስልካችሁን ቅረጽ ላይ አድርጋችሁ አጠገባቸው አስቀምጡት። ከሰዓት በኋላ አትሂዱ፤ ድሬ ከሰዓት በኋላ ሰው አይናገርም፣ ይተኛል ወይም በርጫ ላይ ነው። ማምሻውን አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ሆጃ (የቡና ገለፈት መጠጡ) ሲፈላ፣ ያን ጊዜ ሂዱ። ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ይሄ ከጎንዎ ያለው ማነው?» ከሚለው የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም። ስሞቹን ፎቶው ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፉ።

የሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ቀብሩ በሰዓታት ውስጥ ስለሚያልቅ በመቃብር ላይ የሚነበብ የለም፤ የሚጻፈው ለቤተሰቡ ወይም ለመታሰቢያ ነው። አትጣደፉ፣ ያ ዕድል ነው።

ርዝመቱ አንድ ገጽ ተኩል፣ በአሥራ ስድስት ፎንት። ከሰባት ደቂቃ በላይ ማንም አይሰማችሁም፤ በዘጠኝ ሰዓት የድሬ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ዓመቶቹን ለአንባቢው በፊደል ጻፉለት፤ አንድ የልጅ ልጅ ማይክ ይዞ «በአንድ ሺህ…» ብሎ ቆሞ ሲቀር አይቻለሁ። አንባቢ ስትመርጡ የቅርብ ሰው አትምረጡ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ያለቅሳል። ጎረቤት ወይም መምህር ይሁን። እዚህ ድሬ ደግሞ ቆሞ የሚሰማው ሁሉ አማርኛ ቤቱ አይደለም፤ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገር የሚል ሰው አዘጋጁ። ሰውየው በመረጣት ቋንቋ ሲሰማት ይወዳል፣ አቦ፣ ድምፁን የሰጣት እሱ ነዋ።

ሁለት ኮፒ አትሙ። ማታውኑ አትሙ፤ ጠዋት መብራት ይጠፋል። አንዱን ለአንባቢው ስጡ፣ ሌላውን አጠገቡ የሚቆመው ሰው ኪሱ ውስጥ ይያዘው። አንድ ጊዜ ነፋስ ወረቀቱን ከአንባቢው እጅ ነጥቆ ከአጥር ማዶ ወስዶት፣ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ሲጠብቅ እኔ ባጃጅ ተሳፍሬ ሱቅ ድረስ ተመልሻለሁ።